ብርሃኑ ጉልበት ያያል እንጂ አያድንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰሞኑን በጤና ገጻችሁ ስለ ጉልበት ሕመምና የጉልበትን ጉዳት በብርሃን ስለሚመረምር መሣሪያ ያወጣችሁት ጽሑፍ ሰፈራችንን አነጋግሮታል። ጽሑፉ ውስጡ ደህና ነው። ችግሩ ርእሱ ነው። ርእሱን ብቻ ያየ ሰው ጉልበት በብርሃን የሚታከም ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንዱ በስልኩ ያነብና ለአሥሩ ይናገራል። ሲነገር የሚተርፈው ርእሱ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ሦስት ጎረቤቶች ቤቴ መጡ። «መምህር፣ ያ መብራት የት ይገኛል? ስንት ብር ነው?» አንዱ ሽማግሌ ማታ ማታ ጉልበታቸው ላይ በእጅ ባትሪ እያበሩ እንደሰነበቱ ነገሩኝ። ፊታቸው ላይ አልሳቅሁም። ከባትሪው ድንጋይ በቀር የከሰሩት ነገር የለም። ግን ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ብልጥ ቀይ አምፖል ይዞ መጥቶ «ጉልበት እናድሳለን» ቢል ስንት ሰው እንደሚሰለፍ አሰብኩ።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የዘዴው ስም ስፔክትሮስኮፒ ነው። ብርሃን ወደ አንድ ነገር ይልካሉ፤ ሲመለስ ምን እንደጎደለው ያያሉ፤ ከጎደለው ተነሥተው ነገሩ ከምን እንደተሠራ ያውቃሉ። በቃ። መመልከቻ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። ብርሃንን ለሕክምና የሚጠቀሙበት ሌላ መንገድ አለ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

መመልከቻ ብቻ ነው ስል ግን እንደ ቀላል ነገር እንዳትቆጥሩብኝ። የእናቴን ነገር ላጫውታችሁ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ቀድታለች፣ ፈጭታለች፣ ቅዳሴ ቆማለች። ያለፈው ሁዳዴ ላይ መስገድ አቃታት። ተንበርክካ መነሣት ሲያቅታት አይቼ አንድ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ተነሣች። «አጥንትሽ ንጹህ ነው፣ ዕድሜ ነው» ተባለች፤ ማስታገሻ ተሰጣት፤ ተመለስን። መንገድ ላይ ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ ንጹህ ነሽ ተባልኩ። ታዲያ ይኼ የሚያመኝ የማን ጉልበት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። ራጁ አልዋሸም፤ የማያየውን ነገር ነው የጠየቅነው። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጉልበት ላይ ቶሎ የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ካርቲሌጅ ነው። ዶሮ ስትበሉ ከአጥንቱ ጫፍ ላይ የምታገኙት ነጭ፣ አንሸራታች ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። ሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። የቀረው በብዛት ኮላጅን የሚባል ክርና ፕሮቲዮግላይካን የሚባል ውኃ ያዥ ሞለኪውል ነው። ክሩ እንደ መረብ ይወጥረዋል፤ ሞለኪውሉ ውኃውን ይዞ እንደ ስፖንጅ ያነጥረዋል።

ይኼ ነገር የደም ሥርም ነርቭም የለውም። የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ ራሱን የመጠገን አቅሙ ደካማ ነው። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲጎዳ አይናገርም። ሕመሙ የሚሰማን ጣጣው ከሥሩ ያለው አጥንትና የመገጣጠሚያው ሽፋን ዘንድ ሲደርስ ነው። ራጅም የሚነግረን ያኔ ነው፤ ካርቲሌጁ ሳስቶ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ። ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚያነሣው ምርመራ ካርቲሌጁን ያሳያል፤ ግን ዋጋውንና ወረፋውን የሞከረ ያውቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ የመገጣጠሚያ መበላት ነበረባቸው። ከነዚህ 365 ሚሊዮኑ ጉልበታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ሁሉንም ቁርጥማት ወይም ሪህ ብለን ነው የምናልፈው።

ብርሃኑ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። በዓይን የማይታየው፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ያለው ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። ዊልያም ኸርሼል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን ፕሪዝም በሚባል ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት በትኖ፣ ከቀዩ ወዲያ ባለው ጨለማ ላይ ቴርሞሜትር አስቀምጦ ነው ያገኘው። ሙቀቱ እዚያ ጨምሮ ነበር። ካርቲሌጅ ላይ የሚሠሩት በብዛት የሚጠቀሙት ለቀዩ ቅርብ የሆነውን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ750 እስከ 2500 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነውን። ውኃው፣ ኮላጅኑ፣ ፕሮቲዮግላይካኑ እያንዳንዳቸው የሚውጡት ብርሃን የተለያየ ነው። በሽታው ሲጀምር ፕሮቲዮግላይካኑ እየታጠበ ይሄዳል፣ የላይኛው መረብ ይላላል፣ ውኃውም መጀመሪያ ላይ ይጨምራል። ያኔ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለወጣል፤ ገጽታው ገና ለዓይን ደህና ቢመስልም።

ይህን ለእናቴ ላስረዳ ብዬ ሰሌዳ ላይ እንደምሠራው ስለ ሞገድ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ። «እንስራ ማንኳኳት ነዋ!» አለች። ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ በጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች። ደህናው ድምፁ ይጠራል፤ የተሰነጠቀው፣ ስንጥቁ ባይታይም፣ ድምፁ ይሻክራል። ሃያ ዓመት አስተምሬ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ይህን ዓይነት መሣሪያ ጣታችን ላይ አድርገን እናውቃለን። በኮቪድ ጊዜ ጣት ላይ የምትነክሰዋ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ የምትሠራው በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ደም ኦክስጅን ሲይዝና ሳይዝ የሚውጠው ብርሃን ስለሚለያይ። እሷም ማንንም አላዳነችም፤ ማን ቶሎ መረዳት እንዳለበት ግን ነገረች።

ታዲያ ለምን ጉልበት ላይ እንዲሁ አይለጥፉትም? ጽሑፋችሁ ያላብራራው ይህን ነው። ከካርቲሌጁ በፊት ቆዳ አለ፣ ስብ አለ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት አለ። ሁሉም ውኃ ወይም ስብ ያለባቸው ናቸው፤ ብርሃኑን ይውጡታል፣ ይበትኑታልም። ስለዚህ በሕያው ሰው ላይ በብዛት የሚሞከረው በአርትሮስኮፒ ጊዜ ነው። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ያስገባል፤ ከጎኑ ደግሞ ብርሃን የሚያመላልስ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ ካርቲሌጁን ይነካል። ያለዚህ ዘንግ ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ፣ በመንጠቆ ነካ ነካ አድርጎ ነው የሚፈርደው፤ ሁለት ሐኪሞች አንዱን ጉልበት ሁለት ደረጃ ሊሰጡት ይችላሉ። ዘንጉ ግን ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ደግሞ አስቀድሞ ጉዳታቸው በቤተ ሙከራ ከታወቀ ብዙ ናሙናዎች ጋር ከተመሳከረ ብቻ ነው። እንደ ሚዛን ነው፤ በታወቀ ድንጋይ ካልተፈተነ አይታመንም። ከዚህ ሌላ ከቀዩ ራቅ ያለው መካከለኛው ኢንፍራሬድና፣ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን የሚመለከተው ራማን የሚባለውም ዘዴ አለ። የመጀመሪያው ከገጽ ጥቂት ማይክሮ ሜትር አያልፍም፤ ራማን ደግሞ ምልክቱ እጅግ ደካማ ነው። እየተሠራባቸው ነው።

ይህ ሁሉ ለጎጃም ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። የአርትሮስኮፒ ዘንጉ ነገ ፍኖተ ሰላም ይገባል አልልም። ግን ጥናቱ የተጀመረበትን ነገር ተመልከቱ። ፊንላንድ ውስጥ ኩኦፒዮ ላይ ያለው የምሥራቅ ፊንላንድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሥራ ይታወቃል። ተመራማሪዎች በብዛት የሠሩት በምን ላይ መሰላችሁ? በከብት ጉልበትና በፈረስ መገጣጠሚያ ላይ! የከብት ጉልበት ከእኛ በላይ ማን አለው? ቄራው የሚጥለው ነው። ፈረሱን ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ይመስክር። ፈረስ እንደ ሰው መገጣጠሚያው ይበላል፤ የሚያነክስ ፈረስ ያለው ሰው ይህን ለማወቅ ሳይንስ አያስፈልገውም።

የኢንፍራሬድ መለኪያም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአገሪቱ የአፈር ካርታ ሲሠራ ከየወረዳው የተሰበሰበ አፈር በኢንፍራሬድ ብርሃን ተመርምሯል። እህልም በዓለም ዙሪያ እርጥበቱና ፕሮቲኑ በዚሁ ብርሃን ነው የሚለካው። የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጣ ወደ ቄራ ቢሄድ ምን ይለዋል? ሐኪምና ፊዚክስ ተማሪ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ እኔ ቡና አፈላለሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን ለሐኪሞቻችን አንድ ነገር ልለምን። «ራጁ ንጹህ ነው» ማለትና «ምንም የለሽም» ማለት ለየቅል ናቸው። «ይህ ራጅ የማያሳየው ነገር አለ» ብሎ መናገር አንድ ብር አያስወጣም። እናቴ በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ሄዳ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ተሰጥቷታል። በየቀኑ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘረጋለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ታፍራለች፣ ታቆማለች። ሕመሙ ቀለል ብሏታል። ስግደቱን ግን በመቋሚያ ተደግፋ ቆማ ማድረስ ይዛለች።

እናንተን የምጠይቀው ርእሱን እንድታርሙልን ነው። ለሽማግሌው ጎረቤቴ እኔ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። «አንተ ትላለህ፤ ጋዜጣው ግን ሌላ ጽፏል» ይሉኛል። ትናንት አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝተዋል።

አንባቢያችሁ፣
የፊዚክስ መምህር
ፍኖተ ሰላም፣ ጎጃም