እማዬ፣ ስለ ዕቃው ጉዳይ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ቶሮንቶ ብርዱ ጠንክሯል ብላ እህቴ ነግራኛለች። ጉልበትሽን ሸፍነሽ ተቀመጪ፤ መድኃኒቱንም እህል ሳትቀምሺ እንዳትወስጂው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። ማታ ማታ ያንቺ ክፍል ገብታ ነው የምታጠናው፣ ጸጥ ስለሚል። የትንሹ የፊት ጥርስ ወልቆ ጣራው ላይ ወርውሮታል፤ «ለአያቴ ንገሩልኝ» ብሏል፣ ይኸው ነገርኩሽ።

ላክልኝ ወዳልሽው ዕቃ ልግባ። ዕቃ አስተላላፊው ቤት ድረስ መጥቶ ሁሉንም ለካው፤ ተደምሮ አራት ሜትር ኩብ አይሞላም። ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዝ ለብቻችን መከራየቱ አያዋጣም፤ ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር ተደርቦ ይሄዳል። ኮንቴነሩ እስኪሞላ ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ በመርከብ፣ መንገድ ላይም ወደ ሌላ መርከብ ይገለበጣል። በ2016 ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ዞረው ነው የሄዱት። ስለዚህ ቀን ቆጥረሽ አትጠብቂ። «የት ደረሰ» እያልሽ ልብሽን አታድክሚብኝ።

በአየር ይምጣልኝ ያልሽውን ትልቁን መሶብ አስጠየቅኩ። የአየር ጭነት በሚዛን ብቻ አይከፈልም ለካ። ቦታ የሚበላ ዕቃ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈልና የወጣው ቁጥር እንደ ኪሎ ይታሰባል። መሶቡ ከነካርቶኑ 60 በ60 በ80 ነው፤ 48 ኪሎ ሆነ። ሚዛን ላይ ብታወጪው አምስት ኪሎ አይሞላም። በመርከብ ይምጣ፣ ሆዱ ባዶ ከሚሄድ ጋቢዎችሽን እጠቀጥቅበታለሁ።

ምጣዱን ተዪው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ እዚያ ተራው ሶኬት 120 ነው፤ ብትሰኪውም በወጉ አይግልልሽም። ለገና የገዛሁልሽን ነጠላም ከዕቃው ጋር አላደረግኩትም። እንደ ነዋሪ ስትገቢ ያለ ቀረጥ የሚፈቅዱልሽ ከመግባትሽ በፊት ያንቺ የነበረውንና የተገለገልሽበትን ነው። ነጠላውን ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ።

የአያታችን የብራና ዳዊት ግን አይመጣም። አምስት ኪሎ ሙዚየሙ ጋ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ብራና ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ለጥናት ወይም ለኤግዚቢሽን ተፈቅዶለት ካልሆነ በቀር ከሀገር አይወጣም። የተቀበሉኝ ልጅ በትሕትና አስረዳችኝ፣ እኔም አልተከራከርኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ነው ያለኝ። አንድ ነገር እንኳ እዚህ ይቅርልን።

እማዬ፣ ስትገቢ ለካናዳ ጉምሩክ ያስመዘገብሽውን የዕቃ ዝርዝር አየሁት። አስተላላፊው ያለሱ አይሆንም ሲለኝ እህቴ በቴሌግራም ላከችልኝ። «በኋላ የሚመጣ ዕቃ» ተብሎ፣ እያንዳንዱ ከነዋጋው፣ ከታች ማህተም ተመትቶበታል፤ ቀኑ ቶሮንቶ የገባሽበት ቀን ነው። የስፌት መኪናሽ ሲንጀሩ አለበት። ቡፌው ከነብርጭቆው አለበት። የአባባ ካፖርት አለበት። አልጋሽ አለበት። እኔ የጉብኝት ቪዛ መስሎኝ ነበር። በጥምቀት ማግስት ቦሌ ስሸኝሽ «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በርበሬውን ያለኔ እንዳታስፈጩ» ብለሽኛል። ለጥየቃ የሄደ ሰው አልጋውን አያስመዘግብም። ያ ሁሉ ዋጋ ደግሞ አውሮፕላን ውስጥ የወጣ አይደለም፤ እዚሁ ቤት ተቀምጣችሁ፣ በስልክ ተጠያይቃችሁ ያዘጋጃችሁት ነው። ምናልባት እኔ በረንዳው ላይ ሻንጣሽን ሳስር።

በርበሬው እስከ ሐምሌ ሳይፈጭ ቆየ።

ለምን አልነገርሽኝም? የምከለክልሽ መስሎሽ ነው? አልከለክልሽም ነበር። እህቴ አንቺን ለማየት ስንት ዘመን እንደናፈቀች አውቃለሁ፣ እዚያ ያሉት ልጆችም የልጅ ልጆችሽ ናቸው። አባባ የታመመ ጊዜም እንዲሁ አደረጋችሁኝ። እኔ ጅማ ሆኜ በደወልኩ ቁጥር «ተኝቷል፣ አሁን ወጣ፣ ጸሎት ላይ ነው»። ፈተናውን ይጨርስ ብላችሁ። ፈተናውን ጨርሼ መጣሁ፣ ሰፈር ስደርስ በራችን ላይ ድንኳን ነው ያየሁት። ያን ቀን ጥቁር ለብሰሽ ስላገኘሁሽ አንድም ቃል አልተናገርኩሽም። እስከ ዛሬም አልተናገርኩሽም። አሁን ግን እለዋለሁ፤ አታስደንግጡት እያላችሁ የምትደብቁኝ ነገር ሁሉ ከነገሩ ይልቅ እሱ ነው የሚያመኝ። ብትነግሩኝ ኖሮ አባባን እጁን ይዤ አወራው ነበር።

አትቀየሚኝ። ይህን የጻፍኩት ስልክ ላይ ስለማይወጣልኝ ነው።

ትናንት ሲንጀሩን ፈታሁት። ጭንቅላቱን ከብረት እግሩ ለይቼ፣ ቀበቶውን አውልቄ፣ ዘይቱን ጠርጌ በጋቢ ጠቀለልኩት። በስተቀኝ ያለውን መሳቢያ ስስበው እምቢ አለኝ፤ ውስጡ ቁልፍ ተጨናንቆ ነው። የዩኒፎርማችን ሰማያዊ ቁልፎች፣ የሰው ቀሚስ ቁልፎች፣ አልቆ የጥፍር ያህል የቀረ ጠመኔ፣ ዚፕ። ያንን መርገጫ እየረገጥሽ ነው ያሳደግሽን፣ እድሜ ይስጥልኝ። ቁልፎቹን ከመሳቢያው አላወጣሁም፣ እንዳሉ ይምጡልሽ። መንገድ ላይ ይነቃነቃሉ ብዬ ማታ ፕላስተር ለጠፍኩበት።

ሳጥኑን የሰፈራችን አናጢ በርካሽ እሠራዋለሁ ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ለማሸጊያ የሚሆን ጣውላ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ታክሞ ማህተም ካልተመታበት፣ ነቀዝ ይዞ ይገባል ብለው ወደብ ላይ ሊመልሱት ይችላሉ። ማህተም ያለበት ጣውላ አግኝቻለሁ፣ ወጪው ከበድ ይላል፣ ግድ የለም። እህቴ ግማሹን እችላለሁ ብላለች፤ ብር እንዳትልክ ንገሪልኝ።

ሌላ። የእድርሽን በየወሩ እከፍላለሁ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ግን ብዙዎቹ እድሩን አልለቀቁም፣ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው የእድሩ ዳኛ ለብቻዬ ጠርተው «እናትህ ይመለሳሉ ወይስ ስማቸውን ወዳንተ እናዙረው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «አስብበት» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እማማም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ እሳቸውንም ደህና ናት ከማለት በቀር የምለው የለኝም።

ሐኪሙ ስለ ልብሽ ያለውን እህቴ ነግራኛለች፤ ረጅም በረራ እንደማይፈቅድልሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አልጠየቅኩም፣ እሷም አልጨመረችም። እኔ ለመምጣት ቪዛ ልጠይቅ ነው። ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም እጠይቃለሁ።

መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። ቡፌው፣ ሲንጀሩ፣ መሶቦቹ፣ ካፖርቱ ታስረዋል። አልጋሽን ግን አልፈታሁትም። ይምጣልኝ ካልሽ ረቡዕ ማታ ፈትቼ አስረዋለሁ። ይቆየኝ ካልሽም እንደተነጠፈ ይቆይሻል። ረቡዕ ደውይልኝ፣ በኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስልኩን ለእህቴ ሳትሰጪ ራስሽ ንገሪኝ፤ የአልጋውንም፣ የእድሩንም።

ልጅሽ፣
አፍንጮ በር