ማስክ 1፣ ፊርማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ለ11 ዓመት በአንድ ፋብሪካ ስቶር ኪፐር ሆኜ ሠርቻለሁ። ፋብሪካው የእንጨትና የብረት የቢሮ ዕቃ ያመርታል። ስሙን አልጠራም። የምናገረው ስለ ራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው።

የስቶር ሥራ ወረቀት ነው። ዕቃ ሲገባ ትመዘግባለህ፣ ሲወጣ ታስፈርማለህ፣ ቀሪውን ቢን ካርድ ላይ፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚጻፍበት ካርድ ላይ ትጽፋለህ። እኔ በዚህ እኮራ ነበር። በቆጠራ ጊዜ አንድ ብሎን ጎድሎብኝ አያውቅም። ዛሬ ቤት ውዬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ያው ምንም ያልጎደለው መዝገብ ነው።

ቀለም ክፍል ውስጥ ስድስት ልጆች በሁለት ፈረቃ ይሠሩ ነበር። የሚነፉት ቀለም ሃርድነር ከሚባል ማጠንከሪያ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ስቶር መስኮት ይመጣሉ። እኔ ነጩን የአቧራ ማስክ እሰጣለሁ። 50 በአንድ ካርቶን የሚመጣው ነው። መዝገቡ ላይ «ማስክ 1» ብዬ እጽፋለሁ፣ ልጁ ይፈርማል። በቀጣዩ ቀንም እንደዚያው። ገጹ ሲሞላ ሌላ ገጽ እገልጣለሁ።

ያ ነጭ ማስክ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ደህና የሚባለው ዓይነት ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ከደቃቅ ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል። እንጨት ለሚሰነጥቅና ለሚሞርድ ሰው ይጠቅማል። ለቲነርና ለቀለም እንፋሎት ግን ውሃን በወንፊት እንደመያዝ ነው። ልጆቹ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበታል። «ጋሼ፣ አንዱ አይበቃም፣ ሁለት ይስጡኝ» ይሉኝ ነበር። እሰጣቸዋለሁ። «ማስክ 2» ብዬም እጽፋለሁ። ቢደራረብም እንፋሎቱ ያልፋል። እኔ ያኔ ደግ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ትክክለኛው ማስክ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ግራጫ ጎማ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን፣ ግራና ቀኝ ካርትሬጅ፣ ማለትም ተነቃይ ማጣሪያ የሚገጠምለት። እንፋሎቱን የሚይዘው ካርትሬጁ ውስጥ ያለው ልዩ ከሰል ነው። ስድስት ማስክና 24 ጥንድ ካርትሬጅ ተገዝቶ ነበር፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ ፋብሪካውን ሊጎበኝ ሲመጣ። ሁሉም ማስክ አንድ መጠን ነው። ከልጆቹ ሁለቱ ፊታቸው ቀጭን ስለሆነ አገጫቸው ላይ እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። ጢም ያለውም ነበር። በጢም ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ማስክ አይገጥምም፤ አየሩ በጎን ይገባል።

ጉብኝቱ ሲያልቅ «ውድ ነው፣ ሳትታዘዝ እንዳታወጣ» ተባልኩ። ከዚያ ወዲያ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ከቢሮ ይደወልልኛል። «አውጣቸው» ይሉኛል። አወጣለሁ። ማታ ይመለሳሉ፣ በጨርቅ ተጠርገው ካርቶናቸው ውስጥ ይገባሉ። ካርትሬጆቹ ሳይታሸጉ። ከሰሉ ክፍት ከተቀመጠ ካርቶን ውስጥም ሆኖ የቤቱን አየር እየሳበ ይሞላል፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ቢን ካርዱ አሁንም አይኔ ላይ አለ። ወጪ 6፣ ገቢ 6፣ በአንድ ቀን። ከሁለት ዓመት በኋላ ከ24 ጥንድ ካርትሬጅ 17ቱ ቀሪ ነበር። ቀለም በየቀኑ ለሚነፉ ስድስት ሰዎች፣ በሁለት ዓመት ሰባት ጥንድ ማለት ነው። ካርትሬጅ እንደ ሥራው ብዛት በቀናት ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ዕቃ ነው።

አንድ ሰኞ ከልጆቹ አንዱ ወደ መስኮቱ መጣ። ማስክ ሊወስድ አልነበረም። ለወራት ሲያስለው ቆይቷል። ሌሊት ደረቱ ያፍነዋል። እሁድ ሻል ይለዋል፣ ሰኞ ሥራ ሲገባ ይመለስበታል። «ጋሼ፣ ሐኪሟ የምትሠራበትን ኬሚካል ስም አስጽፈህ አምጣ ብላኛለች። የዚያ በርሜል ስም ማን ነው?» አለኝ።

ልገለብጥለት ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ምልክቱን በቀን አሥር ጊዜ አየው ነበር። በቀይ መስመር የተከበበ ባለአራት ማዕዘን፣ ውስጡ የአንድ ሰው ትከሻና ራስ፣ ደረቱ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ነገር። ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከእያንዳንዱ የሃርድነር ጭነት ጋር ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ይመጣል። እኔ ከደረሰኙ ጋር በስቴፕለር እመታውና ፋይል አደርገዋለሁ። ፋይሉን አወጣሁ። ዘጠኝ ቅጂ ቆጠርኩ። የሦስት ዓመት ጭነት ነው።

የደህንነት መረጃ ወረቀት ይባላል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት 16 ክፍል አለው። መዝገበ ቃላት ይዤ ሁለት ማታ አነበብኩት። ክፍል 2 ላይ፣ ወደ ውስጥ ከተሳበ አለርጂ፣ አስም ወይም የመተንፈስ ችግር ሊያመጣ ይችላል ይላል። ያ ደረቱ የተሰነጠቀ ሰው የሚናገረው ይህን ነው። ክፍል 8 ላይ ምን ዓይነት የመተንፈሻ መከላከያ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ነጩ ማስክ የለበትም። ልጁ ሲታመም ወረቀቱ ከእሱ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ፣ በእኔ ፋይል ውስጥ ነበር።

ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ነው። ሥራ ላይ ለሚመጣ አስም ዋነኛ ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ ነው። ክፋቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጉዳት በሚያደርስበት መጠን ላይ ሆኖም ላይሸት ይችላል። «ካልሸተተኝ ደህና ነኝ» ማለት እዚህ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ደረት ያፍናል። እ.ኤ.አ. በ1984 በህንድ ቦፓል ከተማ ከፋብሪካ አፈትልኮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የገደለው ጋዝ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእኛ ሃርድነር እንደዚያ በአንድ ሌሊት አይገድልም። ቀስ ይላል። ስለዚህ ነው አይሶሳያኔት ያለበትን ቀለም ለሚነፋ ሰው ከካርትሬጅም ይልቅ ንጹህ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ማስክ የሚመከረው።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ገባሁ። አልተቆጡም። «ፈርመው ወስደዋል አይደል? መዝገቡ አንተ ጋ ነው» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር መልሱ። ልጁ በኋላ የሕክምና ወጪውና ካሳ ሲጠይቅ የእኔ መዝገብ ፎቶ ኮፒ ተነሣ። በየቀኑ ማስክ ተሰጥቶታል፣ በየቀኑ ፈርሟል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ የእሱ ፊርማ። የማስኩ ዓይነት አልተጻፈም። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እንደ እኔ ስቶር ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች ነው። «ማስክ 1» ብላችሁ አትጻፉ። ዓይነቱን ጻፉ፣ መጠኑን ጻፉ። ካርትሬጅ ከሆነ የተከፈተበትን ቀን ጻፉ። ከኬሚካል ጋር የሚመጣውን ወረቀት ከደረሰኝ ጋር አታስሩት፣ ለሚሠራበት ሰው ስጡት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የኬሚካል ስምምነት፣ ቁጥር 170፣ ወረቀቱ ለሠራተኛውና ለወኪሎቹ ተደራሽ እንዲሆን ያዛል። እኔ ይህን ስምምነት ያወቅኩት ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

ለተቆጣጣሪዎችም የምለው አለኝ። ስትመጡ «ማስክ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። አለ፣ ያን ቀን ሁሌም አለ። ቢን ካርዱን አምጡ በሉ። ስንት ካርትሬጅ ወጣ፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ወር? በአንድ ቀን ወጥቶ የገባ ዕቃ ካያችሁ ያ ቀን የመጣችሁበት ቀን መሆኑን ትደርሱበታላችሁ። ሠራተኛውንም ማስኩ ፊትህ ላይ መግጠሙ ተፈትኗል ወይ በሉት። ፈተናው ቀላል ነው። ማስኩን እንዳጠለቀ ጭንቅላቱ ላይ መከለያ ይደረግና ጣፋጭ ወይም መራራ ነገር ይረጭበታል። ጣዕሙ ምላሱ ላይ ከደረሰ አየር እየገባ ነው። በብዙ አገር በየዓመቱ ይደረጋል። በእኛ ፋብሪካ በ11 ዓመት አንዴም አልተደረገም።

አየር መሳቢያውንም እዩት። ማስክ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከእሱ በፊት ሌላ ቀለም መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይታያል፣ እንፋሎቱን ከምንጩ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ይተከላል። እኛ ጋ መሣሪያው ነበር። ማጣሪያው በደረቀ ቀለም ተደፍኖ እንደ ግድግዳ ሆኗል። የማጣሪያ ግዢ ጥያቄው ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ወር ተቀምጧል፣ «ይጠብቅ» የሚል ተጽፎበት።

ለልጆቹ ደግሞ ይህን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የዚያው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት፣ ቁጥር 155፣ የሥራ ደህንነት ወጪ ሠራተኛው ላይ መውደቅ የለበትም ይላል። ሕይወቱን ወይም ጤናውን ከፍ ላለ፣ ፊቱ ለተደቀነ አደጋ የሚያጋልጥ ነገር አለ ብሎ በበቂ ምክንያት አምኖ ከቦታው የወጣ ሠራተኛ በዚያ እንዳይቀጣም ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በድርጅቱ ውሳኔ ደህንነቱ የተጠበቀ ሥራ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኗል። ስትፈርሙ ምን እንደወሰዳችሁ አንብባችሁ ፈርሙ። ማስኩ የማይሆን ከሆነ ከፊርማችሁ አጠገብ «የአቧራ» ብላችሁ ጻፉ። ስቶር ኪፐሩ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

ያ ልጅ አሁን ቀለም ሥራ አይሠራም። ጎረቤት በር ሲቀባ እንኳ ከቤቱ ወጥቶ እስኪደርቅ ሌላ ቦታ ይቆያል። 27 ዓመቱ ነው። ባለፈው ስንገናኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለኝ። እኔ ግን ማድረግ የምችለው ነበረኝ።

ከጋዜጣው አንድ ነገር እለምናለሁ። በርሜልና ጀሪካን ላይ የሚለጠፉት ባለቀይ መስመር ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው። በየሳምንቱ አንዱን፣ ከሥዕሉና ከትርጉሙ ጋር፣ በትንሽ ቦታ ብታወጡልን ብዙ ሰው ቆርጦ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። የመጀመሪያው ያ ደረቱ የተሰነጠቀው ሰው ቢሆን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ የተገለጸ፣ የቀድሞ ስቶር ኪፐር