ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ የበዓሉ ግርማ መዝገብ የት ነው ያለው?

ለኢፌዴሪ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ስለተሰወረው ደራሲና ጋዜጠኛ በዓሉ ግርማ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በዓሉ ግርማ ከጠፋ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው። በስሙ የተከፈተ የምርመራ መዝገብ አለ? ካለ የት ነው?

ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በ1975 «ኦሮማይ» የተሰኘው ልቦለዱ ወጣ። ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፤ በዓሉ ደግሞ ዘመቻውን ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም፣ ውስጡ ሆኖ አይቶታል። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ከቤቱ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ቮልስዋገኑ ከከተማ ወጣ ብሎ በቃሊቲ መንገድ ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ያለው ወሬ ነው። ደኅንነቶች ወሰዱት ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያምነውም ይህንኑ ነው። ግን ማን ወሰደው? በማን ትእዛዝ? የት ተቀበረ? ሁሉም «ከሚያውቅ ሰው» የሰማው አለው። የሚያውቀው ሰው ግን ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ አላየንም።

የቆየ ግድያ መመርመር ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ እ.ኤ.አ. በ1986 መሀል ስቶክሆልም፣ ባለቤቱ አጠገቡ እያለች ነው የተገደለው። አስከሬን አለ፣ ቦታው ይታወቃል፣ የዓይን ምስክር አለች። እንዲያም ሆኖ ፖሊስ ቦታውን በቅጡ ስላላጠረው ጥይቶቹን ያገኙት መንገደኞች ናቸው። በ2020 ዐቃቤ ሕጉ አንድ ሰው ተጠርጣሪ ነው አለና፣ ሰውየው ከሞተ 20 ዓመት ስለሆነው መዝገቡን ዘጋ። መልሱ ብዙዎችን አላረካም። ቢያንስ ግን የሚዘጋ መዝገብ ነበራቸው።

የእኛ ከዚያም ይብሳል። አስከሬን የለም። የተገደለበት ቦታም ቀንም አይታወቅም፤ ሙት ዓመቱ በየትኛው ቀን ይታሰብ? ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መርማሪውና ተጠርጣሪው አንድ ቤት መሆናቸው ነው። ያኔ ቤተሰብ «ሰው ጠፋብን» ብሎ የሚያመለክተው፣ ወሰደው ለሚባለው መንግሥት ነበር።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከመኪናዋ እንጀምር። ባለቤቷ የጠፋ መኪና መንገድ ዳር ስትገኝ አንድ ፖሊስ አይቷታል። በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ የሆነ ነገር ተጽፎ መሆን አለበት፦ ስንት ሰዓት ተገኘች፣ በሯ ተቆልፎ ነበር ወይ፣ ቁልፉ የት ነበር፣ ወደ ጣቢያ ማን ነዳት፣ ለማን ተፈርሞ ተሰጠች። ከዚያ ሌሊት በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ እሷ ብቻ ነበረች። የጣቢያው መዝገብ ተቃጥሎ ወይም አይጥ በልቶት ሊሆን ይችላል። ግን ፈልጎት የሚያውቅ ሰው አለ?

ቀጥሎ ወረቀቱ። ደርግ መጻፍ ይወድ ነበር፤ የ«አብዮታዊ እርምጃ» ትእዛዝ ሳይቀር በፊርማና በማኅተም ያስቀምጥ ነበር። የደርግ ዘመን ወንጀሎችን እንዲከስስ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከ5,000 በላይ ሰዎችን የከሰሰው፣ መንግሥቱ ኃይለማርያምም በሌለበት በ1999 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው በአብዛኛው በእነዚሁ ወረቀቶች ነው። ያ ሁሉ ሰነድ ዛሬ በማን እጅ ነው? በዓሉ የሚል ስም ተፈልጎበታል? አንድ ጎበዝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።

ሰዎቹም አሉ። የቀድሞ ባለሥልጣናት ከ20 ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ታስረው ነበር። በ2004 ብዙዎቹ ተፈቱ፣ አንዳንዶቹ ትዝታቸውን ጻፉ፣ አንዳንዶቹ አረፉ። እውነት ለመናገር ትልቁ ያመለጠን ዕድል ይሄ ይመስለኛል። አሁን በሕይወት ያሉትም ሸምግለዋል። ቃል የሚቀበል ሰው ዛሬ ነገ ካለ የሚያገኘው ለቅሶ ቤት ነው።

አጥንትም ይናገራል። ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም መርማሪዎች በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ዘመን ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲቆፍሩ፣ አጽሞቹ አንገት ላይ የታነቁበት የናይሎን ገመድ እንዳለ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር የወጡት ከሞቱ 17 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ስለተናገረ። ዛሬ የዲኤንኤ ምርመራ አለ። የጠፋው የሚቆፈርበትን ቦታ የሚጠቁም ሰው ነው።

«ይርጋ አልፎታል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አብቅቷል፣ የሚል መልስ እንዳይመጣ አስቀድሜ ልበል። በወንጀል ሕጉ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 25 ዓመት ነው፤ በተራ ስሌት በ2001 አልቋል። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰውን በአስገዳጅ መሰወርንና ያለ ፍርድ መግደልን ይርጋ አያግዳቸውም፣ በምሕረትም አይታለፉም ይላል። የሕግ ባለሙያዎች «ወደ ኋላ ሄዶ ይሠራል ወይ?» ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ይከራከሩ። እኔ እስር ቤት የሚገባ ሽማግሌ እየፈለግሁ አይደለም። በሚያዝያ 2016 በጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት የሚያፈላልግ ኮሚሽን ይቋቋማል ተብሏል። ይህ ጉዳይ ለዚያ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ ዐቃቤ ሕግ ይመደብ። የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሰነዶችና የፖሊስ መዝገቦች ይፈተሹ። የሚያውቁ ሰዎች፣ ከክስ ነፃ ሆነውም ቢሆን፣ ቃላቸውን የሚሰጡበት በር ይከፈት። ተፈልጎ ምንም ካልተገኘም፣ የት የት እንደተፈለገ ዘርዝራችሁ «አልተገኘም» ብላችሁ በማኅተም ጻፉልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የበዓሉ አንባቢ