ይድረስ ለጠፋኸው ወዳጄ

እንዴት ነህ አንተ ሰው? “ጠፋህ” ብለህ እንዳትጀምረኝ፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። ላልመለስኩልህ መልእክት ይቅርታ። በቃ፣ ይህን አለፍነው። እናትህ ደህና ናቸው፤ “ይደውል በለው” ብለውኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አዎ፣ ጉዳይ ኖሮኝ ነው የጻፍኩት። ታውቀኝ የለ?

ሳዋቺ ሂሳኤ የምትባል ጸሐፊ ታውቃለህ? ቶኪዮ ተቀምጠህ አላውቃትም ካልከኝ እታዘብሃለሁ። የተወለደችው በ1930 እዚያው ቶኪዮ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)፤ ያደገችው ግን ማንቹሪያ፣ ያኔ በጃፓን እጅ በነበረው የሰሜን ምሥራቅ ቻይና ግዛት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጃፓን ታሸንፋለች ብላ ከልቧ የምታምን። በዓመቱ ከተፈናቃዮች ጋር አገሯ ገባች። ቀን አሳታሚ ድርጅት ውስጥ እየሠራች ማታ ማታ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተማረች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1972 ወጣ። በ1936 ወጣት መኮንኖች ቶኪዮ ላይ ባስነሱት የየካቲት 26 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ስለተረሸኑት መኮንኖች ሚስቶች ነው። ስለ ባሎቹ ብዙ ተብሎ ነበር። እሷ የመበለቶቹን በር አንኳኳች።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሚድዌይ ሥራዋ ነው። በሰኔ 1942 ጃፓን ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ ሚድዌይ ደሴት አጠገብ ከአሜሪካ ጋር በገጠመችው በዚያ አንድ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አጣች፤ አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩ፣ ሂርዩ። ባሕር ኃይሉ ሽንፈቱን ደበቀ። ወሬው እንዳይወጣ ቁስለኞቹን ሳይቀር ከሰው አገለላቸው። እሷ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሞቱትን አንድ በአንድ በስም መፈለግ ጀመረች። ለቤተሰቦቻቸው መጠይቅ ላከች፤ ዕድሜው ስንት ነበር፣ አግብቶ ነበር ወይ፣ ማንን ትቶ ሄደ። ደግሞ የጃፓኖቹን ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ድረስ ሄዳ የአሜሪካኖቹንም ቤተሰቦች አነጋገረች። የሁለቱም ወገን ሟቾች፣ ከ3,400 በላይ ሰው! ዝርዝሩ በ1986 በመጽሐፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኪኩቺ ካን የሚባለው የጃፓን የባህል ሽልማት ተሰጣት። ይህን ሁሉ የሠራችው ከልብ ሕመም ጋር እየታገለች ነው። እኔ እኮ ጉንፋን ሲይዘኝ ኑዛዜ የሚያምረኝ ሰውዬ ነኝ።

የጦርነት መጽሐፍ ላይ ያለኝን ሱስ ታውቃለህ። ካርታው፣ ጄኔራሎቹ፣ ማን የት ጋ ተሳሳተ። ይህቺ ሴትዮ ያን ሁሉ አበላሸችብኝ። አሁን “ይህን ያህል ሰው ሞተ” የሚል ሳነብ፣ ማን ማን ብዬ ነው የምጠይቀው።

እና… እንዴት ልበልህ። የሰፈራችንን ልጆች ስም መጻፍ ጀምሬያለሁ። በዚያም በዚህም በኩል የሞቱትን፣ አንድ ደብተር ላይ። አንዳንዱ ቤት ቡና አፍልተው አውርተውኛል። አንዱ ቤት ደግሞ የእነማን ስም አብሮ እንዳለ ሲሰሙ አስወጡኝ። አልፈርድባቸውም። ግን ደብተሩን ለሁለት ልክፈለው ወይ ብዬ ሳስብ እጄ እምቢ ይለኛል።

ያንተን ወንድም ገና አልጻፍኩትም። እናትህንም አልጠየቅኳቸውም፤ ፊታቸውን ሳይ አፌ ይያዛል። መጀመሪያ አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

እስኪ ጂምቦቾ፣ እዚያው ቶኪዮ የመጻሕፍት ሰፈር፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ሚድዌዩን ፈልግልኝ። ስሞቹን እንዴት እንደደረደረቻቸው፣ በመርከብ ይሁን በፊደል ተራ፣ ገጾቹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የወንድምህን ነገር ደግሞ አስብበት። ካላመንክበት ቀጥ አድርገህ እምቢ በለኝ፤ አልቀየምህም።