ለአበልጄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 2018

አበልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሳቅሽ አይደል? ለእናቶቻችን ደብዳቤ ስንጽፍላቸው የምንጀምርባት ናት። ሌላ መግቢያ አጣሁ።

ስለ መጥፋቴ ብዙ አልልም። መንገዱም ኔትወርኩም እንዴት እንደነበሩ ታውቂያለሽ። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላስ ብትይኝ መልስ የለኝም። አንቺም አልደወልሽም። ይቅር ለእግዚአብሔር እንባባልና ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ።

ለልጆቹ አልበም እየሠራሁ ነው። አትሳቂ ብያለሁ! ደብተሬን ስትሸፍኚልኝ የኖርሽው አንቺ እንደሆንሽ አልረሳሁም። የአሁኑ ግን የምር ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ያንን ጠንካራ ሽፋን ያለውን ትልቁን መዝገብ ገዛሁ። ፎቶ አሳጥባለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ከሥሩ ማን እንደነበረና ልጆቹ ምን እንዳሉ እጽፋለሁ። ታላቅየው ዓባይ በረሃን መጀመሪያ ያየ ቀን «ይኼን ማን ቆፈረው?» ያለውን ጽፌያለሁ። ካልጻፍኩት ይጠፋል። የሦስት ልጅ እናት ጭንቅላት ምን ይይዛል ብለሽ ነው።

የምሠራው ማታ ነው። እነሱ ሲተኙ ምንጣፉ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ አንድ ፎቶ ሳልለጥፍ ትንሹ ይነሳል። ጠዋት ደግሞ ኮላው ተከፍቶ አድሮ ደርቋል። ለዚያውም እስከ ሰኔ 30 በጀት መዝጊያ ነው፤ ሒሳብ ክፍል ያለ ሰው በሰኔ ስሙንም አያስታውስ። ከዚያ ክረምቱ ከች ይላል። የማርቆስን ክረምት ታውቂዋለሽ፣ የጮቄ ጉም መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። እርጥበት የነካው ፎቶ እርስ በርሱ ከተጣበቀ አበቃለት። ስለዚህ እየተጣደፍኩ ነው።

የሠርጌን አልበም ከፍቼማ አለቀስኩ። ያ ላስቲኩን ገልጠን የለጠፍንበት፣ በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ነው የተባለው፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፎቶውን አልለቅ አለኝ። በስፌት ክር ነው ከሥር ከሥሩ እየሰረሰርኩ ያላቀቅኩት። የአንቺ ክንድ ተቀደደ። ፊትሽ ደህና ነው፣ አትፍሪ። ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ የጻፍነው ደግሞ ወደ ፊት ዘልቆ አማቴ ግንባር ላይ «ለማይረሳ ቀን» የሚል ይነበባል። አሁን በእርሳስ ብቻ ነው የምጽፈው፣ እሱንም ሳልጫን። የታላቅየው የአልትራሳውንድ ወረቀትማ ነጭ ሆኗል፤ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እንደ ኤቲኤም ደረሰኝ ደብዝዞ ይጠፋል። የቀረችውን ጥላ ፎቶ ኮፒ አስደረግኳት።

ጉዳዬ ግን ልጅሽ ናት። መካከለኛዋ፣ ያንቺዋ።

የታላቅየው ፎቶ መዓት ነው፤ መጀመሪያ ልጅ አይደል፣ ሲያዛጋም አንስተነዋል። የትንሹ ስልኬን ሞልቶታል። የእሷ የሕፃንነት ፎቶ ግን አንድም የለም። ሁሉም ያ አሮጌው ስልክ ሜሞሪ ውስጥ ነበር። ሜሞሪው ተበላሸ፤ ሠሪው «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» አለኝ። ምንም እንዳትነካው ብዬው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

አልበሙን እያገላበጠች «እኔስ የታለሁ?» ብላ ጠየቀች። አባታቸው ሊያስደስታት ብሎ የወንድሟን ፎቶ፣ ራቁቱን በሳፋ ውስጥ የተቀመጠውን ሳይሆን ያንን በጋቢ የተጠቀለለውን፣ አውጥቶ «ይኸው፣ ይቺ አንቺ ነሽ» አላት። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ሰማሁ። ዝም አልኩ። መዋዕለ ሕፃናት ይዛው ሄዳ ለመምህሯም ለጓደኞቿም ስታሳይ ዋለች። ማታ መብራቱ ሥር ቁጭ ብላ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «እማ፣ ጉትቻዬስ?»

ጆሮዋ ገና አራስ ቤት እያለሁ እንደተበሳ እናቴ በየቀኑ ስታወራላት የኖረችው ነገር ነው። ምን ልበላት? ይኼን ጊዜ ታላቅየው ዘሎ መጣና «የኔ ነው! እኔ ነኝ!» ብሎ ነጠቃት። ሁለቱም እሪ አሉ። አባታቸው ኳስ አለ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጥያቄ መጥቷል። «አንቺ ነሽ የወለድሽኝ?» ትለኛለች። በቀልድ አይደለም። ሳጥባትም፣ ሳስተኛትም ትጠይቀኛለች። እኔም ልብሷን፣ ማተቧን፣ ምኑን ምኑን አውጥቼ አሳየኋት። ያለኝ የጽሑፍ ማስረጃ የክትባት ካርዷ ነው። እንደተወለደች፣ በ6ኛው ሳምንት፣ በ10ኛው፣ በ14ኛው፣ ከዚያ በ9ኛ ወሯ የኩፍኙ። የ10ኛው ሳምንት ዕለት ትኩሳቷ አልወርድ ብሎ አንቺ ሌሊቱን በስልክ አብረሽኝ አደርሽ፣ ክርስትናዋ ሊደርስ ሲል። ካርዱን ትምህርት ቤት ለምዝገባ ስለሚጠይቀው ኮፒውን ለጠፍኩት። ከሥሩ «ክርስትና እናትሽ ያልተኛችበት ሌሊት» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩላት። «ፎቶ ግን የለውም» አለችኝ።

ክርስትናውን አንቺ በስልክሽ አንስተሻል። ትዝ ይልሻል፣ ማስኩ አገጭሽ ላይ ነበር። በሰማንያ ቀኗ፣ መጋቢት 2013፣ ዓቢይ ጾም ውስጥ። ዶሮ ወጥ ብለሽ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተሽ በሽሮ ሸኘንሽ፤ እስካሁን ሳትረግሚኝ አትቀሪም። ጉትቻውም ጆሮዋ ላይ ነበር። ስልክሽ ላይ በፈረንጁ ስለሚቆጥር ማርች 2021 ላይ ፈልጊው።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ልጻፈው። ከላይ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፣ ስርዙ ይታይሻል።

ያን ቀን እንግዳው ሲበላ አንቺ ጓሮ ቆይተሽ ዓይንሽ ቀልቶ መጣሽ። ጭስ ነው አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ እንደተሠራ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆቼ ባወራሁሽ ቁጥር ነገር የምጭር እየመሰለኝ ማውራት ተውኩ። ስለ ልጆች ካላወራሁ ደግሞ ምን አለኝ? ትንሹን ሳረግዝም ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ከሰው ሰማሽ አሉ። መንገድና ኔትወርክ ያልኩት እውነት ነው። ይኼም እውነት ነው። እንዴት ነሽ ብዬ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ፣ ግን የቱን ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅበትም። ከፈለግሽ ንገሪኝ፣ ካልፈለግሽ ተይው።

ፎቶዎቹን ማየት ከከበደሽ አትክፈቻቸው። ስልኩን ለእህትሽ ስጪያት፣ እሷ ትፈልጋቸው። አጥፍተሻቸውም ከሆነ አጥፍቻለሁ በይኝ፣ አልቀየምም። ለልጅቷ ሌላ መላ እፈልጋለሁ። ደውለሽ «እኔ አይቻለሁ፣ ያን ቀን እኔ ነኝ ያቀፍኩሽ» ብትያትም ይበቃታል መሰለኝ። ከፎቶውም ሳይበልጥ አይቀርም። ስሟን ግን እንዳትረሺ፣ የክርስትና ስሟን። ትፈትንሻለች። እኔን ስትፈትነኝ ወድቄ ካህኑን ጠይቄ ነው የመጣሁት።

በይ ይበቃኛል። የቢቸናውን ሰውዬ ገበያ አገኘሁት። ተመልጧል። ስላንቺ ጠየቀኝ፣ አሜሪካ ናት አልኩት።

ፎቶዎቹ ካሉ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል አድርጊው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ሲታጠብም ይደበዝዛል። ሁሉንም ላኪ፣ የተንቀሳቀሰውንም፣ ጣትሽ የገባበትንም። አንቺ ያለሽበት እንዳይቀር። ያቀፈቻትን ሴትዮ ማየት አለባት።

ይኼን ያደረሰልሽ ልጅ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው፣ አፋር ነው። ቅቤው ከእናቴ ነው፣ ኮሰረት ገብቶበታል። ዕቃው ይመለሳል፣ የእሷ ነው። ባዶውን እንዳይመጣ።

አበልጅሽ