እንባዋን ለምን ቀረጻችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ እትማችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ የዘመኑን ኑሮ መንግሥት ዜጋውን ቀን ከሌት ከሚሰልልበት ከጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ «1984» ጋር እያስተያዩ የጻፉትን አነበብኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ጸሐፊው ያዩት በየሕንፃው በርና በየመንገዱ የተሰቀለውን ካሜራ ብቻ ነው። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ የምፈራው ሰው ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ነው።

መጽሐፉን ያነበብኩት በ1978 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ምድር ባቡር የሚሠራ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዷል። «ከግቢ እንዳታወጪው» አለኝ። ምክንያት ነበረው። ደራሲ በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ የቀረው በየካቲት 1976 ነው፤ በፈረንጆቹ ልክ 1984። ያኔ ልብ ወለድ ሰው ያስበላ ነበር። እኔ ደግሞ ርዕሱን በእኛ አቆጣጠር አነበብኩት። «ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል» እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። መጽሐፉ እኔ ሳልወለድ፣ በ1941 ዓ.ም. እንደታተመ ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ዋናው ሰው ዊንስተን ስሚዝ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያይና የሚሰማ ስክሪን አለ። ድምፁ ይቀነሳል እንጂ አይዘጋም። ዊንስተን የስክሪኑ ዓይን የማይደርስባት አንዲት ጥግ አገኘ። ከአሮጌ ዕቃ ቤት የገዛውን ደብተር እዚያች ጥግ ላይ ገልጦ መጻፍ ጀመረ። በዚያ አገር ይኼ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ከኦርዌል ቀደም ብሎ ደግሞ ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» በተባለው ልብ ወለዱ የከተማውን ቤት ሁሉ ከመስታወት ሠርቶታል። መጋረጃ ለማውረድ እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። እነዚህን ለተማሪዎቼ ሳወራላቸው አንዷ «ቲቸር፣ ታዲያ የድሬ ግቢ ከመስታወት ቤት በምን ይለያል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ብዙ ቀን አብሮኝ ዋለ። ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ አጠገብ፣ ስምንት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም። አልጋ አውጥተን ደጅ እንተኛለን። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ ግቢው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን ባል ጠጥቶ ገብቶ ሚስቱን ሲሰድባት አደረ። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አፏን በነጠላ ይዛ ታለቅሳለች። እናቴ ነቅታለች። አይታታለች። ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጠዋት ቡና አፍልታ ጠራቻት፤ ጀበናው ሦስት ጊዜ ወርዶ ሲያልቅ ስለ ሌሊቱ አንድ ቃል አልተነሳም። ገመና የምንለው ይኼንን ነው። ሰው ያያል፤ አይቶ ይሸፍናል። የዊንስተን አገር ያጣችው የሚሸፍን ዓይን ነው።

በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ስንቱን ሲወስድ ድንኳን ከድንኳን ተያይዞ ነበር። እኔ ቁጭ ብዬ አብሬያቸው ያለቀስኩትን እናቶች ፊት ዛሬም አስታውሳለሁ። ያንን ፊት ግን ማንም ከኪሱ አውጥቶ ለሰው አያሳየውም።

ባለፈው ጥር አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ቀበረች። ድንኳን ውስጥ ስታለቅስ ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ደረቷን ትመታለች። ነጠላዋን ላነሳላት ጎንበስ ስል ፊት ለፊት አንድ ወጣት ስልኩን ደቅኖባት አየሁ። እሷን አያይም፤ ስክሪኑን ነው የሚያየው። ሁለት ጣቶቹን ዘርግቶ ፊቷን አቀረበው። ማታውን ቪዲዮው ዘፈን ገብቶበት ከተማውን ዞረ። ከአርባው በኋላ ቀፊራ ገበያ ወጣች። አንዷ ነጋዴ ሽንኩርት እየመዘነች «አዴ፣ ቪዲዮው ላይ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት። ዘንቢሏን እዚያው ጥላ መጣች። ከዚያ ወዲህ ቀፊራ አትሄድም። አስቤዛዋን የምገዛላት እኔ ነኝ።

ልጁን አነጋገርኩት። የሟች ጓደኛ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። «ሰው ሁሉ አብሮን እንዲያዝን ብዬ ነው» አለኝ። ኦርዌል መጽሐፍ ውስጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አለች። በቁልፍ ቀዳዳ አዳምጣ አባቷን ለፖሊስ ትጠቁማለች፤ ሰውየው ታስሮም በልጁ ይኮራል። ያቺን ልጅ ያሠለጠናት መንግሥት ነው። የእኛን ልጅ ማንም አላዘዘውም። ይኼ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ባለፈው ወር የእድር ስብሰባ ላይ «ድንኳን ውስጥ ስልክ ይከልከል» ብዬ ተነሳሁ። አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ ጅዳ ነው የምትሠራው። የእናቷን ቀብር ያየችው በስልክ ነው። እሱም ይቅርባት?» አሉ። መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። አሁን ሐሳቤን አሻሽዬዋለሁ። የሚቀርጸው ሐዘንተኛው ቤተሰብ የመረጠው አንድ ሰው ይሁን፤ የቀረጸውንም ለቤተሰቡ ብቻ ይላክ። የእድራችን ዳኛ ለመጪው ስብሰባ ይዘውታል።

እናንተንም የምጠይቃችሁ አለኝ። ያው የቅዳሜው ጋዜጣችሁ የፊት ገጽ ላይ በመኪና አደጋ ልጇን ያጣች እናት መሬት ላይ ተደፍታ ስታለቅስ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ስሟ አልተጻፈም፤ ፊቷ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ አንሺያችሁ አስፈቅዷት ነበር? ካላስፈቀዳት ሂዱና ይቅርታ ጠይቋት። ከእንግዲህስ ምን ለማድረግ አስባችኋል? እድራችን የሚሰበሰበው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው። መልሳችሁ ቀድሞ ከወጣ አነብላቸዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ከድሬዳዋ