ራምፕ ስላለ ብቻ መግባት አይቻልም

ለአዘጋጁ፦

በሕንፃ መግቢያዎች ላይ ስለሚሠሩ ራምፖች (ተዳፋት መወጣጫዎች) ለመጻፍ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎችና መራመድ ችለው ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ብዙ ራምፖች ለታይታ የተሠሩ ናቸው። የተለመደው የተዳፋት ልክ ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት ነው፤ የ60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 7.2 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ በ2 ሜትር ሲጨረስ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ልሙጥ ሴራሚክ ሲነጠፍበት ደግሞ ክራንች ያዳልጣል፤ ክረምት ላይማ ለማንም አይሆንም። የእግር አለመታዘዝ ጉዳት ነው፤ ሰውን ከበር ውጭ የሚያስቀረው ግን ግንባታው ነው።

የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተቆጣጣሪው ተዳፋቱን በሜትርና በውሃ ልክ ይለካ፣ ከበሩ ፊት 1.5 በ1.5 ሜትር ማረፊያ መኖሩን ይይ፤ አንድ የዊልቸር ተጠቃሚም ያለ ረዳት ወጥቶ ይሞክረው።